ግመሉ ቢሞት

መምህር መህዲ አራጌ ቆቦ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ አፍ ከፈታበት ሰው ጋር የተነጋገረው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም አንድ ፈረንጅ መኪናውን አቁሞ የዋጃን መንገድ ሲጠይቀው ነው። ከቆቦ ወደ ዋጃ የሚወስደው አንድ አስፋልት ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን መሄድ ብቻ። መህዲ ግን ምላሱ ተሳሰረበትና ላብ በላብ ሆኖ፣ በእጁ ወደ ሰሜን እየጠቆመ «የስ» አለ። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለአዲስ ተማሪዎቹ የሚነግራቸው ራሱ መህዲ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርበት ብሎ ነው።

በሰዋስው በኩል ግን እሱን የሚያህል በአካባቢው አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስብ ነበር። በተለይ እንግሊዞች ያልሆነን ነገር የሚናገሩበት መንገድ ልቡን ይወስደዋል። ነገሩ ዛሬ እውነት ካልሆነ፣ ይሆናል ተብሎም ካልታሰበ፣ «ኢፍ» ይሉና ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ ይመልሱታል። ሀብታም ብሆን ለማለት የትናንቱን ግሥ ያመጡታል፤ ነገሩ ግን ትናንት አልሆነ፣ ዛሬ የለ፣ ነገም እንጃ። ይህን ሲያስተምር ድምፁ ይቀየራል፤ ጠመኔ በጠመኔ ይሆናል፤ የዕረፍት ደወል ተደውሎ እንኳ አይሰማም። ተማሪዎቹ ከኋላው «ቲቸር ኢፍ» ይሉታል። ያውቃል፤ ደስም ይለዋል፤ ግን እንዳላወቀ ይሆናል።

የሚወደውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የራሱ ኑሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ማስተርሱን ቢማር፣ ወደ ደሴ ዝውውር ቢያገኝ፣ ትንሽ ቤት ቢሠራ፣ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ብዙ ነገር ነበረው። የሒሳብ መምህሩ አላምረው፣ የልብ ጓደኛው፣ ሌላው ሰው በቀበሌ ቤት ወይም በኪራይ ቤት ሲኖር መህዲ በ«ቢሆን» ውስጥ ነው የሚኖረው ይላል። መህዲም ይስቃል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፣ ሚስት የለውም፣ ደሴም አልሄደም።

ሚስት የሌለው ግን ሴት አጥቶ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ሰልዋ ሙሀመድሰይድ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አካውንቲንግ ተመርቃ፣ ሥራ ሦስት ዓመት ጠብቃ ሲታክታት፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማባዣ አስገብታ በሯን ከፈተች። መህዲ የመጀመሪያውን ፈተና ያስባዛት ዕለት ወረቀቱን ትቶላት ሄደ። ሲመለስ እሱ የተሳሳተው አንድ ግሥ ታርሞ፣ ሁለት መቶ አርባውም ኮፒ በትክክለኛው ወጥቶ አገኘው። እሷ ሒሳቧን ተቀብላ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እሱ ተናዶ ቤቱ ገባ፣ መጽሐፉን አገላበጠ፣ እሷ ልክ ነበረች። ያኔ ወደዳት። በስህተቱ ምክንያት ፍቅር የያዘው የእንግሊዝኛ መምህር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህንንም ለአላምረው ሲያጫውተው በራሱ ስቋል።

ከዚያ ወዲህ የሚያወጣው ፈተና ሁሉ ደብዳቤ ሆነ። ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ ሁለት፣ «ቤት ቢኖረኝ አገባ ነበር» ይላል። ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ደግሞ «ደፋር ብሆን አባቷን እጠይቅ ነበር»። ተማሪው የጎደለውን ግሥ ይሞላል። ሰልዋ ታባዛለች፣ በስቴፕለር ትመታለች፣ «ጨርሻለሁ መምህር» ትላለች። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ፍቅሩን አራት ሴክሽን የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ አውቆታል፤ ብዙዎቹም በትክክል መልሰውታል። ለልጅቷ ለራሷ ግን አንድም ቀን ፊት ለፊት የነገራት ነገር የለም።

የነቃው አላምረው አንድ ወሬ ይዞለት ሲመጣ ነው። የወልድያ ጨርቅ ነጋዴ ስለ ሰልዋ እያጠያየቀ ነው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ሽማግሌ ይልካል። መህዲ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ አባቱ ወዳጅ ወደ ሸህ ሙዓዊያ ሄደና ሽምግልና እንዲሄዱለት ለመናቸው። ሸህ ሙዓዊያ ቀጠን ያሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር ብለው ጠየቁት። ፈተና ሳወጣ ነበር አላቸው። ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እሄድልሃለሁ አሉት። ይህ የሆነው እሑድ ነው።

ሰኞ መህዲ ክፍል ሲገባ የሚችለው ሰው አልነበረም። የዕለቱ ትምህርት ያ የሚወደው ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ በረዶ ቢወርድ ልጆቹ የበረዶ ሰው ይሠሩ ነበር ይላል። በራያ ቆላ፣ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ፣ የበረዶ ሰው ምን እንደሆነ ማስረዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበላል። በዚያ ላይ በክረምቱ ሥልጠና ከአካባቢ ምሳሌ አምጡ ተብለዋል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ የሰልዋ ታናሽ እህት ኑሀ ተቀምጣለች። አባቷ ሙሀመድሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ገበሬ ነው፤ ዳለቻ ግመል አለው። መህዲ ቤታቸውን ማንሳቱን ኑሀ ቤት ገብታ እንደምታወራ አሰበ። አባቷ ዓርብ ሽማግሌ ሲመጣበት፣ «ይኸ የኛን ግመል እንኳ የሚያውቅ መምህር ነው» እንዲል ፈለገ። ሰው ሲወድ አእምሮው በዚህ በኩል ነው የሚሄደው።

ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈ። የኑሀ ግመል ቢሞት አባቷ ምን ያደርግ ነበር፣ ጨርሱ።

ስድሳ ተማሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚህ አገር በረት ውስጥ በሕይወት ቆሞ ስለሚያመነዥክ ከብት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። ተሳስቶ ያለ ሰው ቢኖር እንኳ አጠገቡ ያለው «አላህ አያምጣው» ብሎ አፉን ያስይዘዋል፤ ክፉን ቃል ጀምሮ የሚጨርስ የለም። መህዲ ይህን ያውቃል፤ ጎብዬ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ግን እንግሊዝኛ ሲናገር ሌላ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ኑሀን አስነሳት። ልጅቷ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ አላህ አያምጣው አለች። የእውነት አይደለም፣ እንግሊዝኛ ነው አላት። እሷም «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አልጨርሰውም» ብላ ተቀመጠች። መህዲ ሳቀና ራሱ ጨረሰው። አባቷ ትራክተር ይገዛ ነበር ብሎ ጻፈና ብቻውን ሳቀ። ልጆቹ ገለበጡ፤ እንደ ተማሪ ወግ ከላይ ቀኑን ጽፈው።

ሐሙስ ማለዳ ግመሉ ሞተ።

የሞተበት ምክንያት ለማንም ስውር አልነበረም። ገመዱን በጥሶ፣ ዝናብ አጥቶ ገና ከጉልበት ያላለፈ የጎረቤት ማሽላ ውስጥ ገብቶ ሲግጥ ቆየ። ያ ዓይነት የቀጨጨ ማሽላ ከብት እንደሚገድል ቆላ ያደገ ሕፃን ያውቃል። ሙሀመድሰይድም ያውቃል። ግን ኑሀ እያለቀሰች ደብተሯን አመጣች። «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ አባቷ አንዲት ቃል ሲያሳያት፣ ሞተ ማለት ናት አለችው። ቀኑን አየ፤ ሰኞ ይላል። ሙሀመድሰይድ ለጎረቤቱ እንደተናገረው፣ ማሽላው እንደገደለውማ እናውቃለን፣ ጥያቄው ማሽላው ጋ ማን ሰደደው የሚለው ነው።

ወሬው ከግመሉ ሬሳ ቀድሞ ቆቦ ገባ። ዓርብ ጠዋት መህዲ ምላሰ ጥቁር ተብሎ ተነሣ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየውና ስለ ባጃጇ ምንም እንዳይናገር በአላህ ስም ለመነው። ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ማዶ ስላለችው ተፎካካሪዋ አንዲት ነገር በእንግሊዝኛ ጣል ያደርግላት እንደሆነ በጨዋ ደንብ ጠየቀችው። ርዕሰ መምህሩ ስለ መጪው ሱፐርቪዥን «ቢሆን» የሚል ቃል እንዳይወጣው አስጠነቀቀው፤ እየቀለደ ይመስል ነበር፣ ግን አልሳቀም። ተማሪዎቹ ብቻ ደስ አላቸው። ማትሪክ ብናልፍ ብለህ ሰሌዳ ላይ ጻፍልን እያሉ ተከተሉት። አላምረው ደግሞ ሳቁ እስኪያስለው ስቆ ሲያበቃ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሰው ያልሰማልህን እንግሊዝኛ ግመል ሰማልህ አለው።

መህዲ አብሮ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ቀኑ ትዝ አለው። ዓርብ ነው። ሸህ ሙዓዊያ ከጁምዓ በኋላ እዚያ ቤት ናቸው።

ሽማግሌው ሲመለሱ መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ቀስ ብለው መጡ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነገሩን ለመክፈት ገና ቢስሚላሂ ሳይሉ ሙሀመድሰይድ እጃቸውን ይዞ፣ በዚህ መምህር ጉዳይ ሽማግሌ ሆነው ይቀመጡልኝ ብሎ እንደለመናቸው ነገሩት። «አንተን ልድር ሄጄ አንተን ልዳኝ ተቀጥሬ መጣሁ» አሉት። ስለ ሰልዋ አንዲት ቃል አላነሱም፤ በግመል ለቅሶ ላይ ሚስት አይጠየቅም። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ቅረብ ተብሎ ተነገረው። ነገሩ በጠብ ካለቀ ወደዚያ ቤት ሁለተኛ ሽማግሌ እንደማይላክ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የወልድያው ነጋዴ ስለ ማንም ግመል ምንም የተናገረው ነገር የለም።

ቅዳሜ መህዲ የዐሥረኛ ክፍልን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ሄደ። አላምረውም አብሮት ሄደ፤ ለምስክርነት ይላል እሱ፣ መህዲ ግን ሊስቅ እንደሄደ ያውቃል። በሙሀመድሰይድ ቤት ጥላ ሥር ዐሥራ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። መህዲ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ፣ ተቀመጠ፣ ሲጠየቅ መጽሐፉን ገለጠ። ባይገልጠው ይሻል ነበር። እንግሊዞች ያልሆነውን በሆነ ግሥ እንደሚናገሩ፣ ሞተ ማለታቸው አልሞተም ማለት እንደሆነ፣ ይኸም ቅጽ ሁለት እንደሚባል፣ ቅጽ ሦስትም እንዳለ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ በጽሞና አዳመጡት። አንደኛው፣ ያልሆነውን በዚህ ግሥ ከጨረሱት የሆነውን በምን ይናገሩታል ብሎ ጠየቀ። መህዲ በዚያው ነው አለ። ሽማግሌው ለእንግሊዞች አዝኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሸህ ሙዓዊያ ደግሞ፣ ያልሆነ፣ የማይሆንም ነገር ከሆነ ከመጀመሪያው ለምን ይነገራል አሉ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲያስተምር ይህን ጥያቄ አንድም ተማሪ ጠይቆት አያውቅም። መጽሐፉም ውስጥ መልስ የለውም። አላምረው አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ሙሀመድሰይድ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ መምህሩን ግመሌን ገደለ አላልኩም። አላህ ሰጠ፣ አላህ ነሳ። በዚያ በክፉው ዓመት ተኩሱ በላያችን ሲሄድ፣ ይቺን ኑሀን ከእናቷ ጋር ጭኜ ያወጣሁበት ግመል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ሄደልኝ። እሱን ስድሳ ልጅ ፊት ሞተ ብሎ መሳቅ ለምን አስፈለገ? ይቺን ብቻ ንገሩኝ።»

መህዲ መጽሐፉን ዘጋው። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የሳቀው ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት። ኑሀ «አልጨርሰውም» ስትል ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አሁን ነው ያየው። ያ ግመል ለእሱ ምሳሌ ነበር፤ ለእነሱ ነፍሳቸው ነው። ስለ ራሱ የሚቀልደው ሁሉ ጠፋውና እውነተኛ ኀፍረት ያዘው። ተነሥቶ በሙሀመድሰይድ ፊት በርከክ አለ። «አጥፍቻለሁ፣ አባባ» አለ። «ግመሉ ከምን እንዳወጣችሁ አላውቅም ነበር። ባላውቅም መናገር አልነበረብኝም። አፉ ይበሉኝ።» ስለ ግሥ አንድም ነገር አላነሳም።

ሙሀመድሰይድ ትከሻውን ይዞ አነሣው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ፍርዱን ሸህ ሙዓዊያ ተናገሩ። ካሣ አይከፈልም፣ ሰውየውም አልጠየቀ። ለቤቱ ዱዓ ይደረጋል። እኛ በዐረብኛም፣ በአማርኛም፣ አባቶቻችን ባወረሱን ኦሮምኛም እንመርቃለን፤ ክፉው ቃል የተነገረበት ቋንቋ ግን የቀረን አንዱ ነው፤ በዚያ መምህሩ ራሱ ይመርቅበት አሉ። ሁሉም ተስማማ። እጆች ለዱዓ ተዘረጉ።

መህዲ እጁን ዘረጋና አፉን ከፈተ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባው፤ በእንግሊዝኛ መመረቅ አያውቅም። ሁለት ዲግሪ የሚያህል ሰዋስው ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፣ ምርቃት ግን የለም። በአገሩ ሕፃን ሳይቀር የምርቃት አንደበት አለው፤ እሱ በዚያ ቋንቋ ድዳ ሆነ። እንደምንም አላህ ዝናብ ይስጥ የሚል ነገር አበጀ። ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም ዐሥራ አንዱም «አሚን» አሉ። ጤና ይስጥ አለ። «አሚን»። ከዚህ በኋላ አለቀበት። በእንግሊዝኛ መልካም ምኞት ሲባል ትዝ የሚለው ፖስት ካርድ ላይ ያለው ብቻ ነው። «ሀፒ ኒው ይር» አለ። «አሚን» አሉ ከልባቸው። «ሀፒ በርዝደይ» አለ። «አሚን»። አላምረው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሸህ ሙዓዊያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጨምር» አሉ። ምን ይጨምር? አንጎሉ ባዶ ሆነ። ባዶ በሆነው አንጎሉ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ እየጻፈ፣ እያረመ፣ እያስባዛ የኖረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። አፉ ሳያስፈቅደው እሱን አወጣው። ደፋር ብሆን ሰልዋን ለትዳር እጠይቅ ነበር ብሎ ከነስሟ በእንግሊዝኛ ተናገረና ትንፋሹን ዋጠ።

«አሚን!» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ የሰልዋን ስም ሲሰሙ የተመረቀች መስሏቸው፣ ከሁሉም አጥብቀው።

ከቤት ውስጥ የኑሀ ሳቅ ፈነዳ፤ አንድ ሰው አፏን ሲይዛት ተሰማ። ሙሀመድሰይድ ዞር ብሎ ምን እንዳሳቃት ጠየቃት። ልጅቷ አልናገርም አለች። ዱዓ ላይ የሚያሥቅ ነገር የለም፣ ተናገሪ አላት። ኑሀ በሩ ላይ ብቅ አለች፣ መምህሯን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየች የተባለውን አንድ ሳታስቀር ተረጎመች። በትክክል ነው የተረጎመችው። መህዲ ጎበዝ መምህር በመሆኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጸጸተ።

ሙሀመድሰይድ የተዘረጉ እጆቹን አየ። ገና አልሰበሰባቸውም ነበር።

«አሚን አልን እኮ፣ ሸህ» አለ።

«ብለናል» አሉ ሸህ ሙዓዊያ። «እኔማ ሁለቴ ነው ያልኩ።»

አንደኛው ሽማግሌ፣ ሳይሰሙ የተባለ አሚን ይያዛል አይያዝም የሚል ክርክር ሊጀምር ሲል ሌላው አስቆመው። በዚህ ቤት ሰዉ የማያውቀውን ዐረብኛ እየሰማ አሚን ሲል ነው የኖረው፣ ያ ሁሉ አልያዘም ልትለኝ ነው ወይ አለው። መህዲ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ መሬት ግን አልተከፈተችም። መሐል ላይ ቆሟል፣ እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው፣ ዱዓውን ማን እንደሚዘጋውም ግራ ገብቶታል።

ያኔ ሰልዋ በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አድርጋለች። ለሽማግሌዎቹ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችና ለመምህሩ አንድ ጥያቄ እንዳላት ተናገረች። አባቷ በአገጩ ፈቀደላት።

«ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝን አራት ዓመት አባዝቻለሁ» አለች። «በየዓመቱ ዘንድሮስ ያለ ‹ብሆን› ይጽፈው ይሆን እያልኩ ወረቀቱን ሳላነብ አላስገባም። ለምን አልመጣህም?»

መህዲ አንድ ሺህ ምክንያት ነበረው። ማስተርሱ፣ ዝውውሩ፣ ቤቱ፤ ሁሉም ተሰልፈው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሱ፣ ሁሉም «ቢሆን ኖሮ» የሚሉ ነበሩ። ዐሥራ አንድ ሽማግሌ ያየዋል። እሷ ታየዋለች። አንዳቸውም አልወጡለት።

«ፈራሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እምቢ እንዳትዪኝ።»

የሰልዋ ዓይን እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ግን እየሳቀ ነው። አራት ዓመት ቆማ የጠበቀችው ቃል ይቺ አጭሯ መሆኗ ለመህዲ የገባው አሁን ነው፤ ንዴት ያዘው፣ በራሱ ላይ፤ ደስታም ያዘው፣ ከንዴቱ ይበልጥ። የወልድያው ነጋዴ ሽማግሌ ለመላክ ቀጠሮ ይዞ እንደነበር፣ እሷም ቀኑን ካንዴም ሁለቴ እንዳራዘመችው ያወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«አባባ» አለች ወደ አባቷ ዞራ፣ «እኔ ብቻ ነኝ አሚን ያላልኩ። ብያለሁ።» ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

ሙሀመድሰይድ እጆቹን ፊቱ ላይ አሻሸና ዱዓውን ዘጋ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ሙሀመድሰይድ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ በምንጣፉ ላይ ለመህዲ ቦታ ለቀቀለት። መህዲ ተቀመጠ። እንባው መጣ፣ አልደበቀውም። ማመስገን አለብኝ ብሎ አሰበ፤ አንድ የሚያምር፣ ለወጉ የሚሆን ነገር ሊናገር ጉሮሮውን ጠራረገ። ሸህ ሙዓዊያ በከዘራቸው ጫፍ ጉልበቱን ነካ አደረጉት።

«አንተ ልጅ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ኒካሁ እስኪታሰር ድረስ አንዲት ቃል እንዳትናገር። በየትኛውም ቋንቋ።»